«ራፕ ነው» ያለ ሁሉ ነፃ ይወጣል ወይ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ሶስቱን አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ፣ ሶስቱም ከሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ሶስቱም ስለ ራፕ ግጥምና ስለ ህግ ነው የሚጠይቁት። ደብዳቤዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የሰው ስም ያለበትንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። የመጨረሻ ልጄ ጥር ላይ 18 ሞላው፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ቀን ከሌት ራፕ ነው፣ ጆሮው ላይ የሰካትን ነገር ለምግብ እንኳን አይነቅላትም። እኔም ከመጠጥና ከጫት ይሻላል ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ግን ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር ተጣሉ፣ ፍሪስታይል (ሳይዘጋጁ የሚሉት ራፕ) ሲወዳደሩ አንዱ የአንዱን እህት አንስቶ ሰደበ ምናምን ነው የሚሉት፣ ከዛ ልጄ ቲክቶክ ላይ ለቀቀበት። የእህቴ ልጅ ጽፋ ሰጠችኝ፣ እንዲህ ይላል፦

እገሌ ስማኝማ፣ ከፑል ቤቱ ስትወጣ
ጥላህን ቁጠረው፣ ሁለት ሆኖ ሲመጣ
የእድር ጥሩንባ፣ አርብ ማታ ሲነፋ
እናትህ ትጠይቅ፣ ልጄ የት ነው የጠፋ

እገሌ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ በስሙ ነው የጠራው። የልጁ እናት ደግሞ የእድር ጓደኛዬ ናት፣ አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞራለች። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ አቁሟል፣ ወንድሞቹ በራችን ላይ መጥተው ቆመው ሄዱ፣ ፖሊስ ጣቢያም አመልክተዋል ተባለ። ልጄን ስቆጣው «ማዘር ይሄ ዲስ ነው፣ በራፕ መሰዳደብ ማለት ነው፣ ማንንም አልገድልም፣ ህገ መንግስቱ ሃሳብን መግለጽ ይፈቅዳል፣ አሜሪካ ከዚህ የባሰ ነው የሚባለው፣ ማንም አይታሰርም» ይለኛል። አጎቱ ደግሞ ደብተሩን ሁሉ ሰብስበሽ አቃጥይው፣ ስልኩንም ስበሪው ይላል። ልጄ ያለው እውነት ነው? ይታሰራል ወይ? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ አዎ ሊታሰር ይችላል፣ ይሄን ደብቄ ላጽናናዎት አልፈልግም። «አሜሪካ ማንም አይታሰርም» ያለዎትም ትክክል አይደለም፣ እመለስበታለሁ። ደብተሩን ግን እባክዎ እንዳያቃጥሉት። አጎትየው ለልጁ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ደብተሩ ምንም አላጠፋም።

ግጥሙን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ልጅዎ ይችላል። «ጥላህን ቁጠረው ሁለት ሆኖ ሲመጣ» የምትለዋን ብዙ ዓመት የጻፈ ሰው ቢጽፋት ይኮራባታል። ስለዚህ ችግሩ ግጥሙ ውስጥ ሞት መኖሩ አይደለም፣ ሞትና ደም ያለበት ግጥም ይቅር ከተባለማ ከሙሾ እስከ ቀረርቶ ስንቱን ልንጥለው ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ስም አለ፣ እዛው ሰፈር ያለ፣ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ ልጅ ስም። ከዛ ቦታ አለ፣ ፑል ቤቱ፣ ልጁ እውነትም የሚያመሽበት። ከዛ ቀን አለ፣ አርብ ማታ። ከዛ የእድር ጥሩንባ፣ እና እናቱ። ይሄን የሰማ ልጅ ግጥም ነው የሰማው ወይስ ቀጠሮ ነው የተያዘለት? ስሙን፣ ፑል ቤቱን፣ አርቡን አውጡትና የሚቀረው የሚያስፈራ ግጥም ነው፣ የሚያስፈራ ግጥም ለመጻፍ ደግሞ ማንም ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። ስሙ ሲገባበት ግን ለአንድ ሰው የተላከ ዛቻ ሆነ፣ ቤት መምታቱ ዛቻነቱን አያስቀረውም።

ወደ ህጉ ስንመጣ፣ ልጅዎ ህገ መንግስቱን መጥቀሱ ደስ ብሎኛል። አንቀጽ 29 እውነትም ሃሳብን በቃልም በጽሁፍም በህትመትም በስነ ጥበብም መልክ መግለጽ መብት ነው ይላል፣ ስነ ጥበብ በግልጽ ተጠቅሷል። ያው አንቀጽ ታች ወረድ ሲል ደግሞ የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል በህግ ገደብ ሊደረግ ይችላል ይላል፣ ልጆች ይቺኛዋን አያነቧትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህግ አንቀጽ 580 ላይ ሌላውን ሰው ከባድ ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ ያሸበረ ሰው፣ ተበዳዩ ካመለከተ፣ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር መቀጮ አለው። በኢንተርኔት ሲሆን ግን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመጣል፣ አንቀጽ 13 በጽሁፍ፣ በድምጽ፣ በቪዲዮ ሰውን ወይም ቤተሰቡን ያስፈራራ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከበድ ሲል እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል። ቲክቶክ ላይ ስም ተጠርቶ የተለቀቀ ቪዲዮ ከዚህ ያመልጣል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።

አሁን ወደ አሜሪካ፣ ልጁ አጠገብዎ ካለ ይቺን እሱ ያንብባት። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኢሎኒስ የሚባል ሰው ነበር፣ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ሄደች፣ ከስራ ተባረረ፣ ከዛ ፌስቡክ ላይ በራፐር ስም ስለ ሚስቱ መገደል ስንኝ መደርደር ጀመረ። ሴትየዋ ፍርድ ቤት ሄዳ እንዳይደርስብኝ የሚል ትእዛዝ ስታወጣበት፣ ያ ወረቀት ጥይት ይመልስልሻል ወይ ብሎ ጻፈ። እግረ መንገዱን ደግሞ ልብ ወለድ ነው፣ የመናገር መብቴ ነው እያለ ያስገባ ነበር፣ ልክ እንደ ልጅዎ። 44 ወር ተፈረደበት። በ2015 (የውጭ አገር ዓመቶችን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው) የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፣ ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ጋ ያቆምና ራፐሩ አሸነፈ ይላል። የተሻረው ግን ራፕ ስለሆነ አይደለም፣ ሌላ ሰው ቢሰማው ይፈራል ወይ የሚለው ብቻ ታይቶ ሰውዬው ራሱ ምን እያሰበ ነበር የሚለው ስላልታየ ነው። ጉዳዩ ወደ ታች ተመለሰና በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን እንዳለ አጸናው። እዛው ግዛት ፒትስበርግ ደግሞ ኖክስ የሚባል ወጣት ራፐር የያዙትን ሁለት ፖሊሶች በስማቸው ጠርቶ፣ ፈረቃቸው መቼ እንደሚያልቅ እንደሚያውቅ ጨምሮ በ2012 ቪዲዮ ለቀቀ፣ በ2018 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄ ዛቻ ነው ብሎ አጸናበት። እነ ኪለር ማይክና ሚክ ሚል የሚባሉ ታዋቂ ራፐሮች ደግፈውት ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጽሁፍ አስገብተው ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ግን በ2019 ጉዳዩን አላየውም አለ። እኔ ፖሊስንና ባለስልጣንን የመተቸት፣ የመስደብም ቢሆን መብት በጣም ሰፊ መሆን አለበት ባይ ነኝ፣ ቢሆንም ስም ከፈረቃ ሰዓት ጋር ሲመጣ ለኖክስ መከራከር ይከብደኛል።

ከነዚህ ተቃራኒ የሆነች አንድ ጉዳይ አለች፣ ልዩነቱ እሷ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1966 ዋሽንግተን ላይ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሰልፍ ላይ ተነስቶ፣ ለውትድርና ጠርተው መሳሪያ ካሸከሙኝ መጀመሪያ የማነጣጥረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ላይ ነው አለ፣ ሰውም ሳቀ። ተከሶ ተፈረደበት፣ በ1969 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄ የፖለቲካ ማጋነን ነው እንጂ እውነተኛ ዛቻ አይደለም ብሎ ነፃ አወጣው። እድሜው ከልጅዎ ጋር እኩል ነው፣ ያወራውም ስለ መግደል ነው። ግን የሚሰማው ሰልፈኛው ነው እንጂ ጆንሰን አይደለም፣ «ካሸከሙኝ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው፣ እና እዛ የነበረ አንድም ሰው ፕሬዚዳንቱ ነገ ይሞታል ብሎ ቤቱ አልገባም።

ልጅዎ ማንንም እንደማይገድል አምናለሁ። ግን እሱ ስለራሱ የሚያውቀውን ያኛው ልጅ አያውቅለትም። በ2023 የተወሰነ ሌላ ጉዳይ አለ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ሰው ለማያውቃት ዘፋኝ በመቶ የሚቆጠር የፌስቡክ መልእክት ላከ፣ ብሎክ ስታደርገው በሌላ አካውንት እየመጣ። ሴትየዋ ብቻዋን መንገድ መሄድ ፈራች፣ መድረኮቿን ሰረዘች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰውዬውን ፍርድ ቢሽረውም ያስቀመጠው መለኪያ ይሄ ነው፣ ቃሉ እንደ ዛቻ ሊወሰድ እንደሚችል እያወቀ ደንታ ሳይሰጠው የተናገረ ሰው ሊጠየቅ ይችላል። እኔን ግን ከመለኪያው በላይ ያቺ ዘፋኝ ናት የያዘችኝ፣ ዘፈኗን ያስቆማት መንግስት አይደለም፣ የሌላ ሰው «ንግግር» ነው። የናንተ ሰፈሩ ልጅም ይኸው ከትምህርት ቤት ቀረ። ስለ ነፃነት ስናወራ የሱንም አብረን እናውራ።

እንግዲህ ዛሬውኑ የሚደረገው። ቪዲዮውን ከገጹ ያውርደው፣ ኮፒውን ግን አያጥፉት፣ ፖሊስ ሲጠይቅ አላልኩም ብሎ መዋሸት ከግጥሙ የባሰ ነው የሚጎዳው። ወንድሞቹ በራችሁ ላይ ስለቆሙ ልጁ ብቻውን እንዳይወጣ፣ የመልስ ቪዲዮም እንዳይሰራ፣ ጓደኞቹም ኮሜንት ላይ ነገሩን እንዳያጋግሉት ይንገራቸው። እርስዎ ፊቷን ብታዞርብዎም ወደ ልጁ እናት ይሂዱ፣ ሁለቱን ቤት የሚያውቅ የእድር ዳኛ ወይም የአገር ሽማግሌ ይዘው፣ ልጅዎም አብሮ ይሂድና በራሱ አፍ ይናገር። «ራፕ ነው» ብሎ አይጀምር፣ አስፈራርቼሃለሁ አጥፍቻለሁ ይበል፣ ልጁ የሚፈልገው ያንን መስማት ነው። እርቅ ከወረደ በ580 የቀረበ አቤቱታ ከሆነ አመልካቹ ሊተወው ይችላል፣ በአዋጁ ከሆነ ግን እርቁ ለብቻው ነገሩን ላይዘጋው ስለሚችል ጠበቃ ያማክሩ፣ አቅም ከሌለዎት ነፃ የህግ ድጋፍ የሚሰጡ ስላሉ ይጠይቁ። ምናልባት ከያዙት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ያለመናገርም መብት አለው፣ ይሄም እዛው ህገ መንግስት ላይ ያለ ነው፣ አንቀጽ 19።

እና ይጻፍ። ተጨማሪ ደብተር ይግዙለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አዘጋጁ። ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ራፕ እሰራለሁ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ አጎቴ ሰርግ ላይ ዱላ ይዞ ዘራፍ ሲል፣ ገደልኩ ጣልኩ ሲል፣ ሴቱ እልል ይላል ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። እኔ ያንኑ ቢት ላይ ስለው ዱርዬ ተባልኩ፣ ይሄ ፍትህ ነው? ሁለተኛ፣ እኔ የምጽፈው ስላየሁት ነገር ነው፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አጣዬ፣ ቤቱ ስለተቃጠለበት ጓደኛዬ። ለምሳሌ

የአባቱ ጎተራ፣ ሲነድ በሌሊት
ማሽላው ፈነዳ፣ እንደ ጥይት

የሚል አለኝ። ጓደኞቼ ይሄን ከለቀቅክ በጥላቻ ንግግር ህግ ትታሰራለህ ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከግጥምህ ልጀምር። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚለውን ተረት እናቶቻችን ሲሉት ሰምተን አድገናል፣ አንተ ጋ ግን ማሽላው መሳቁን ትቶ ተኮሰ። ጎተራ ሲቃጠል ቆሞ ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። ልቀቀው፣ አትፍራ።

ሽለላና ራፕ ላይ ያነሳኸው ልክ ነው፣ እኔም ያበሳጨኛል። አንድ አይነት ቃል ጎልማሳ በጋቢ ሲለው ባህል፣ ወጣት በኮፍያ ሲለው ዱርዬነት ይሆናል፣ ይሄ ፍርድ ሳይሆን ልማድ ነው። ግን አጎትህ የሚፎክርበትን ድንኳን ልብ ብለህ እየው፣ ከተጻፈ ህግ የማይተናነስ ህግ አለበት። የሚፎክረው አንድም ስላለፈ ጀብዱ ነው፣ አንድም ስለ አያት ቅድመ አያት፣ አንድም አገር ሊወር ስለመጣ ጠላት። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ሰርግ ላይ ሲጠሩ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ያስባሉ፣ ያ ፎካሪ ጠጅ ሞቅ ሲያደርገው ፊቱን ወደነዛ ሰዎች አዙሮ የእገሌ ልጅ ወየውልህ ካለ፣ ያንን ሁሉ እልልታ ቆርጠው እጁን ይዘው ያስቀምጡታል፣ እምቢ ካለም ያወጡታል። ማንም ባህላችን ተነካ አይልም። ሙሾም እንደዛው ነው፣ ለቅሶ ላይ ወንድ ጠፋ ወይ የሚል አንድ ስንኝ ስንት የተኛ ቂም ቀስቅሷል፣ ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ለዚህ ነው የአፍ ነገር ላይ አጥብቀው የሚያስምሉት። እዚህ አገር ግጥም ሰው እንደሚያስገድል ለማወቅ ራፕ እስኪመጣ የጠበቀ የለም። ስለዚህ አጎትህን የሚለካው ሚዛን አንተንም ይለካህ ነው የምለው፣ ዘራፍ በል፣ ግን ፊትህን ወደ ማን እንዳዞርክ እወቅ።

ህጉን በተመለከተ፣ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥሩ 1185/2012 ነው። በብሄር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰው ላይ ወይም ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ነው የሚከለክለው፣ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጓደኞችህ ያልነገሩህ ግን እዛው አዋጅ ውስጥ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ንግግሩ የትምህርታዊ ጥናት፣ የዜና ዘገባና የፖለቲካ ትችት፣ የኪነጥበብ ፈጠራና ትርኢት፣ ወይም የሃይማኖት አስተምህሮ አካል ሲሆን እንደ ጥላቻ ንግግር አይቆጠርም። ጎተራ ተቃጠለ ማለት፣ እነዚህ ሰዎች ሞቱ ማለት፣ ማን እንደገደላቸው መጠየቅ፣ መንግስት የት ነበር ማለት፣ ይሄ ሁሉ ያንተ መብት ነው፣ ያጠፋን ባለስልጣን በስሙ ጠርቶ መውቀስም እንደዛው። በተግባር ህግ ሁልጊዜ በወረቀቱ ልክ አይሰራም፣ ይሄን አንተም ታውቃለህ፣ ሰው መጀመሪያ ይታሰርና መብቱ በኋላ ይፈለጋል፣ ያ መሆኑ ግን ዝም በል ለማለት በቂ አይመስለኝም።

አደጋው የት እንደሚጀምር እንድታይ አንድ ታሪክ ልንገርህ። ሩዋንዳ ውስጥ ሲሞን ቢኪንዲ የሚባል በጣም ታዋቂ ዘፋኝ ነበር፣ ዘፈኖቹ በ1994ቱ እልቂት ጊዜ በዛ የጥላቻ ሬዲዮ ሌት ተቀን ይለቀቁ ነበር። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ ፍርድ ቤት አሩሻ ላይ አቅርቦት በ2008 15 ዓመት ፈረደበት። ሁሉም ሰው በዘፈኖቹ የተፈረደበት ነው የሚመስለው፣ አይደለም። የተፈረደበት በዛ ሰኔ አካባቢ የድምጽ ማጉያ በተገጠመለት መኪና እየሄደ፣ መንገድ ላይ ላለው ሰው ቱትሲዎችን ጨርሱ ብሎ በቀጥታ በማዘዙ ነው። ፍርድ ቤቱ ዘፈኖቹ ጥላቻ ለማራባት እንደዋሉ አይቷል፣ ግን ዘፈን በማውጣቱ ብቻ ጥፋተኛ አላለውም። እኔ እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ነው የማየው፣ ስምንት መቶ ሺህ የሚደርስ ሰው ካለቀ በኋላ እንኳን ዳኞቹ ዘፈንና ትእዛዝን ለዩ።

ላንተም መስመሩ እሱ ነው። «አቃጠሉት» ስትል አቃጣዩን ነው የምትለው ወይስ ያንን ቋንቋ የሚናገረውን ሁሉ? ሸዋ ሮቢት አማራውም ኦሮሞውም አርጎባውም በአንድ ገበያ የሚገበያይበት አገር ነው፣ «እነሱ» ብለህ ህዝብ የጠራህ እለት የሌላውን ጎተራ የሚያቃጥል ሰው ታስነሳለህ። ያየኸውን በዓይንህ ልክ ጻፈው፣ በተለይ የጓደኛህን ቤት፣ እቃው ምን እንደሆነ፣ ከብቶቹ የት እንደደረሱ፣ ማን እንዳሳደራቸው፣ ከዚህ በላይ የሚከብድ ስንኝ የለም። ሲያልቅ ላክልኝ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። ለወላጆች ቀን ተማሪዎቼ ራፕ አዘጋጅተው ነበር፣ ርእሰ መምህሩ ሙሉ በሙሉ ከለከሉ። ምክንያቱ የአንድ ተማሪ ደብተር ውስጥ ሰው ስለመግደል የተጻፈ ግጥም ተገኝቷል፣ ማንም ግን አልተጠቀሰበትም። አሁን ልጁ ይባረር እየተባለ ነው፣ አንድ መምህርማ ባለፈው ትምህርት ቤቱ አጠገብ በድንጋይ የተመታውን ልጅ የመታው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ግጥሙ ማስረጃ ነው ብለዋል። ምን ብዬ ልከራከር?

መልስ፦ መምህር፣ ይከራከሩ፣ አጥብቀው ይከራከሩ። በደብተር ላይ የተጻፈ፣ ለማንም ያልተላከ፣ ማንንም ያልጠራ ግጥም ጥፋት አይደለም። ማስረጃ ነው የሚለው ደግሞ ከማባረሩም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ልጁን በጻፈው ሳይሆን ባላደረገው ነገር ሊያስቀጣው ነው።

አሜሪካ ኒው ጀርሲ ላይ ስኪነር የሚባል ሰው በ2005 በተፈጸመ የመግደል ሙከራ ተከሰሰ። አቃቤ ህግ የራፕ ግጥሞቹን 13 ገጽ ያህል ለጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) አስነበበ፣ ብዙዎቹ ከድርጊቱ ዓመታት ቀድመው የተጻፉ፣ ስለ ተጎጂው አንድ ቃል የሌለባቸው ናቸው። ተፈረደበት። በ2014 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግጥምና ወንጀሉ በቀጥታና በጥብቅ ካልተያያዙ ግጥም ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም አለ፣ ያንን ካደረግን የሰውዬውን ባህሪ ነው የምንከሰው ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ2022 ፍርድ ቤቶች የኪነጥበብ ስራን እንደ ማስረጃ ከመቀበላቸው በፊት እንዲጠነቀቁ የሚያስገድድ ህግ አወጣች። ስለ ግድያ ልብ ወለድ የጻፈ ደራሲን ገዳይ ነህ የሚለው የለም፣ ራፕ የሚጽፍ ልጅን ግን ሰው ያለምንም ማመንታት ይለዋል። ድንጋዩን ማን እንደወረወረ ያየ ሰው ይጠየቅ፣ ግጥሙ አላየም።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ የሚያሳዝነኝ አንድ ፍርድ አለ። ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ተማሪ በ2011 ሁለት የስፖርት አሰልጣኞች ሴት ተማሪዎችን ያስቸግራሉ ብሎ ከትምህርት ቤት ውጪ ራፕ ሰርቶ ለቀቀ፣ ውስጡ ስለ ሽጉጥ የሚያወሩ ስንኞችም ነበሩበት። ትምህርት ቤቱ ከክፍል አገደው፣ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። የሽጉጡን ስንኝ መውቀስ ይቻላል፣ ሰዎቹ ተጠቅሰዋልና። ግን ልጁ የሴት ተማሪዎቹን አቤቱታ ነበር ይዞ የመጣው፣ ያ አቤቱታ ከግጥሙ ጋር አብሮ ተቀበረ። የእርስዎም ርእሰ መምህር ራፕን ጠቅላላ ሲከለክሉ ምን አብሮ እንደሚዘጋ ያስቡበት ይበሏቸው።

ልጁን ደግሞ ለብቻው፣ ከቢሮ ውጪ፣ ግጥሙን አብረው አንብቡት። በ2014 ዓ.ም. ህዳር ጦርነቱ እስከ መዘዞና ሞላሌ ደርሶ ነበር፣ የዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያኔ ህጻን ነው፣ ማን እንደሞተበት፣ ምን እንዳየ ላያውቁ ይችላሉ። የሚያስፈራው ሰው ካለ፣ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም በስም የሚያስበው ሰው ካለ በዛ ንግግር ላይ ይወጣል፣ ያኔ ቤተሰብና የጤና ባለሙያ ይገባበታል። ምንም ከሌለ ደግሞ የአማርኛ መምህር አይደሉ፣ ስንኙ የሚሰበርበትን ያሳዩት፣ ቤት የማይመታበትን ያስተካክሉለት። ለወላጆች ቀን ሶስት ህግ ይዘው ወደ ርእሰ መምህሩ ይመለሱ፣ ግጥሞቹን እርስዎ አስቀድመው ያነባሉ፣ በህይወት ያለ የትምህርት ቤቱ ሰው በስም አይጠራም፣ ብሄርና ሃይማኖት አይሰደብም። ከዛ ውጪ ያለውን ልጆቹ እንደፈለጉ ይበሉት። ርእሰ መምህሩ አሁንም እምቢ ካሉ በጽሁፍ ምክንያታቸውን ይጠይቁና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ህብረቱ ያቅርቡት፣ ወላጆቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን መስማት ይፈልጉ እንደሆነ እዛ ይጠየቁ።